የመሐል ሜዳ ሠራተኛ

በእግር ኳስ ጨዋታ ስሙ የሚነሣው ግብ ያገባው ሰው ነው። ግብ ጠባቂው እንኳ ኳስ ያመለጠችው እንደ ሆነ ለነቀፋ ያህል ይታወሳል። በመሐል ቆሞ ኳሱን ከኋላ እየተቀበለ ወደ ፊት የሚያደርሰው ተጫዋች ግን፣ ከማንም ይልቅ ሲሮጥ ውሎ፣ ማታ በቡና ቤት ወሬ ሲወራ የሚያስታውሰው አያገኝም። በጣልያንኛ የተማርን ሰዎች ይህን ተጫዋች እንደ አቋቋሙ «ሜዲያኖ» ወይም «መዛላ» እንለው ነበር፤ ዛሬ በአማርኛ «አማካይ» የሚለው ቃል ጸንቷል። መልካም ቃል ነው፤ እኔ ግን ቃል መመዘን ሥራዬ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ ተጫዋች በሌላ ቃል ምክንያት የደረሰውን ነገር ኋላ እናገራለሁ።

ከአሥመራ ከወጡት አማካዮች ሁሉ የበለጠ ስም ያተረፈው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በ1927 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ ወታደር ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የፋሽስት መንግሥት ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር በአንድ ቤት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ አባት እንዲህ ያለውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ በሕግ እንዳይቀበል ሌላ ሕግ ወጣ። እንዲህ ባለው ዘመን የተወለዱት ልጆች በሁለቱም ወገን በጎሪጥ እየታዩ ነው ያደጉት፤ የዕድሜ እኩዮቻቸው የሆንን ሁሉ ምን ተብለው ይጠሩ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ሉቺያኖ የመካኒክነት ሙያ ተማረ፤ በአሥመራ ቡድኖችም ተጫወተ። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ወሰደው። «ኮተን» የተባለው ያ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲያሸንፍ መሐሉን የያዘው ይህ የአሥመራ ልጅ ነበር። ልጁን ያሳደገው አንድ ከተማ፣ የተጠቀመበት ሌላ ከተማ መሆኑን ነጋዴዎቻችን ልብ ይበሉልኝ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻው ግጥሚያ ተደረገ። ተጋጣሚዋ ግብጽ ነበረች። ሶርያ ከተለየቻት ወራት ቢያልፉም በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፑብሊክ በሚል ስም ነበር የምትጫወተው፤ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውም እርስዋ ነበረች። የኢትዮጵያ ቡድን ከሳምንት በፊት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ። ሁለተኛው ግብ በገባ ጊዜ የቀረው አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ተስፋ ቈርጦ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግን አምበሉ ሉቺያኖ ራሱ አግብቶ ሁለት እኩል አደረገ። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቈጠሩ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ደግማ አልወሰደችም።

በዚያ ዕለት ኤርትራ በፌዴሬሽን ሥር ነበረች፤ ከዐሥር ወር በኋላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ስለዚያ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የምለው፣ ያን ዋንጫ የተቀበለው እጅ ቅዳሜ ዕለት በኦፊቺና የሚሠራ የመካኒክ እጅ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም ነው። በጥር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ ሉቺያኖ ገና ይጫወት ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን የተመደበው ግን በአዲስ አበባ ስለ ነበረ፣ የአሥመራ ሰው በገዛ ስታዲዮው ኮንጎንና ጋናን ሲያይ የራሱን ልጅ ሳያይ ቀረ። ኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በደርግ ዘመን አገር ለቆ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢጣልያ ተሻገረ፤ በዚያም በመካኒክነቱ ኖረ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር አረፈ። እግሩ ከደከመ በኋላ ያበላው ከኳሱ ይልቅ መፍቻው ነው። ሙያ የሌለው ጓደኛውስ ምን በላ?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ ወረቀት ነው። አንድ የንግድ ድርጅት በመጋዘን የቀጠረው ሠራተኛ በእሑድ ለድርጅቱ ቡድን በአማካይነት ይጫወት ነበር። ለሥራው የተመረጠው ስለ ጨዋታው መሆኑን ማንም ያውቃል። አንድ እሑድ ጉልበቱ ተሰበረ። ሳምንታት በአልጋ ላይ ቈየ፤ ደመወዙም ተቋረጠ። ካሣ ሲጠይቅ ድርጅቱ በጣልያንኛ የጻፈው መልስ ለትርጉም ወደ እኔ መጣ። ሰውየው «ዲለታንቴ» ስለ ሆነ ጉዳቱ የሥራ ጉዳት አይደለም ይላል። የቃሉ ሥር ደስታ ማለት ነው። ስለዚህ «ለደስታው የሚጫወት» ብዬ ጻፍሁ። በመዝገበ ቃላት ብትፈልጉት ስሕተት አታገኙበትም። ጉዳዩን የሚመለከተው ሹም በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ ጥያቄውን ዘጋው። ሰውየው በዱላ እየተደገፈ በደረጃው ላይ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙን የሠራሁት እኔ እንደ ሆንሁ ግን አላወቀም።

ብዙ ነጋዴ ወዳጆቼ «ኳስ ጨዋታ ነው፤ ማን አስገደደው?» ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በትርፍ ሰዓቱ ዓሣ ሲያጠምድ እግሩ የተሰበረ ጸሐፊ ካሣ አይጠይቅምና። ይሁን እንጂ ዓሣ አጥማጁ የድርጅቱን ስም በደረቱ ለብሶ አይወጣም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ የሚነሣ፣ የድርጅቱም ስም በጋዜጣ የሚወጣ ከሆነ፣ እሑድም የሥራ ቀን ነበረ ማለት ነው። ደግሞም የመሐል ተጫዋች ብዙ ስለሚሮጥና ከሁለቱም ወገን ስለሚጋጭ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ ቡድን ያላችሁ ሥራ አስኪያጆች፣ የሚመጣው የተጫዋቾች ምዝገባ ከመድረሱ በፊት የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ለድርጅቱ ሲጫወት የደረሰበት ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቈጠራል የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ወጣቱንም ቡድናችሁ በሚያርፍበት ወራት ወደ ኦፊቺና ወይም ወደ ሒሳብ ክፍል ላኩት፤ ሙያ ይማር። በአማርኛም በጣልያንኛም ልጻፍላችሁ፤ ዋጋ አልጠይቅም።