ስለ ፅንስ ዕድገት ትምህርትና ስለ እንጀራው



ባለፈው ወር ከአንድ የልጆች አባት የተላከ ደብዳቤ ደርሶን በጥንቃቄ ተመለከትነው። እንደሚገልጹልን ሴት ልጃቸው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ዓመት በመልካም ውጤት ፈጽማ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። የቤተ ሰቡ ሁሉ ምኞት ሐኪም እንድትሆን ነበር። እርስዋ ግን ሥነ ሕይወትን፥ ይልቁንም ፅንስ ከአንዲት ኅዋስ ተነሥቶ ሙሉ አካል እስኪሆን ድረስ እንዴት እንደሚያድግ የሚመረምረውን ክፍል አጠናለሁ ብላ ቆርጣለች። አጎቷ፥ «እንቍላል ስትሰብሪ ልትኖሪ ነውን?» ብለው ሳቁባት፤ እናቷ አዘኑ፤ አባትየውም በመካከል ቆመው፥ «ይህ ትምህርት ምንድር ነው? እንጀራስ ይሆናልን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለመልሱ ሰጥተነዋል። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአጎቷ ቀልድ ሳያስቡት እውነቱን ነክቷል። ትምህርቱ በእርግጥ የተጀመረው እንቍላል በመስበር ነው። የግእዝ መጻሕፍት አርስጣጣሊስ የሚሉት፥ ዛሬ አሪስቶትል እየተባለ የሚጠራው የግሪክ ፈላስፋ ከ2300 ዓመት በፊት ዶሮ የታቀፈቻቸውን እንቍላሎች በየቀኑ እየከፈተ የሚታየውን ጽፎ አኑሯል። ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት በኋላ በእንቍላሉ ውስጥ እንደ ደም ነጥብ የቀላች ጥቂት ነገር ስትመታ አየ፤ ይህችም ልብ ነበረች። ዛሬ በአጉሊ መነጽር እንደ ተረጋገጠው የጫጩት ልብ መምታት የምትጀምረው ሁለተኛው ቀን ሳይፈጸም ነው። ክንፍ ሳይበቅል፥ እግር ሳይወጣ፥ አፍ ሳይከፈት ልብ አስቀድማ ሥራዋን ትይዛለች። በ21ኛው ቀን ጫጩት ቅርፊቱን ሰብራ እንደምትወጣ እናቶቻችን ቈጥረው ያውቃሉ፤ ሊቃውንቱ የሚመረምሩት በመካከል የሚሆነውን ነው።

የምርመራው ትልቁ ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንዲቱ ኅዋስ ተከፍላ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱም ስምንት ይሆናሉ፤ እንዲህም እያሉ ቍጥራቸው ይበዛል። እያንዳንዷ ኅዋስ ከአባትና ከእናት የተወረሰውን ያንኑ የዘር ጽሕፈት ሙሉውን ትይዛለች ማለት ይቻላል። ታዲያ አንዲቱ ጉበት፥ ሌላይቱ ዓይን፥ ሦስተኛይቱ አጥንት እንድትሆን ማን ያዝዛታል? ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ነገሩን በምሳሌ ማቅረብ ይቀለናል። መጽሐፉ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ ነገር ግን ዲያቆኑ በየዕለቱ የሚያነበው ክፍል ይለያያል፤ የትኛው ምንባብ በየትኛው ቀን እንዲወጣ የሚያመለክተው ግጻዌው ነው። የፅንስ ዕድገት ሊቃውንት የሚፈልጉት የኅዋሳትን ግጻዌ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከዚህ ግጻዌ አንዱን ገጽ ያገኘች አንዲት ወጣት ተማሪ ናት። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ሒልደ ማንጎልድ በመምህሯ በሐንስ ሽፔማን መሪነት ለዶክትርና ትምህርቷ ስትሠራ፥ ሳላማንደር ከሚባለው፥ እንሽላሊት ከሚመስለው የእንቍራሪት ዘመድ ወገን ከሆነ ትንሽ የውኃ እንስሳ ፅንስ ጥቂት ቍራጭ አንሥታ በሌላ ፅንስ የሆድ ወገን ተከለች። ያም ፅንስ የራሱ ጀርባ ሳይጐድልበት በሆዱ በኩል ሁለተኛ ጀርባና ሁለተኛ የአከርካሪ ነርቭ አበቀለ። ሁለቱ ፅንሶች በቀለም ስለሚለያዩ አዲሱ ነርቭ በአብዛኛው የተሠራው ከቍራጯ ሳይሆን ከተቀባዩ ከራሱ ኅዋሳት መሆኑ በግልጥ ታየ። ስለዚህ ያች ቍራጭ ራሷ ነርቭ ከመሆን ይልቅ ጎረቤቶቿን «ነርቭ ሁኑ» ብላ የምታዝዝ ሆና ተገኘች። ሥራው በ1924 ታተመ። በዚያው ዓመት ሒልደ በቤቷ ወጥ ቤት ማሞቂያ ፈንድቶ በደረሰባት ቃጠሎ በ25 ዓመቷ ሕፃን ልጅ ትታ ሞተች። በ1935 የኖቤል ሽልማት ለመምህሯ ሲሰጥ እርስዋ በሕይወት አልነበረችም፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ ስም እስከ ዛሬ በትምህርቱ መጻሕፍት አብሮ ይጠራል።

ሁለተኛው ታሪክ እኛን መምህራንን ይነካናል። በ1949 በእንግሊዝ አገር ጆን ገርደን የሚባል የ15 ዓመት ልጅ በሥነ ሕይወት ፈተና ከጓደኞቹ ሁሉ መጨረሻ ወጣ። መምህሩም ይህ ልጅ የሳይንስ ሰው እሆናለሁ ማለቱ ከንቱ መሆኑን፥ ለእርሱም ለሚያስተምሩትም ጊዜ ማባከን እንደሚሆን በውጤቱ ወረቀት ጻፉበት። ልጁ ግን በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንስሳትን ጥናት ተማረ። ከእንቍራሪት ዕጭ አንጀት የኅዋስ አስኳል አውጥቶ፥ የራሱ አስኳል በጠፋበት እንቍላል ውስጥ አገባው፤ ከእነዚያም እንቍላሎች ጥቂቶቹ አድገው ደኅና የእንቍራሪት ዕጭ ሆኑ። በ1962 ያሳተመው ይህ ሥራ፥ አንጀት የሆነች ኅዋስ እንኳ ሙሉው የዘር ጽሕፈት እንዳልጠፋባት አሳየ። በ2012 ከጃፓናዊው ከሺንያ ያማናካ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ2025 እስኪሞት ድረስ ያችን የውጤት ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሰቅሏት ይኖር ነበር።

ይህን ስናነብ የራሳችንን በደል አስታወስን። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪያችን ሥነ ሕይወት ልምረጥን ብሎ ሲጠይቀን፥ «ሕክምና ያልደረሰው የሚገባበት ነው» ብለን መለስንለት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ወደ ሌላ ትምህርትም ገባ። ያልነው ቃል ሐሰት መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። የአሁኑን ደብዳቤ በጥንቃቄ የተመለከትነው ስለዚሁም ጭምር ነው።

አሁን እናቶችን የሚመለከተውን እንናገር። የሰው ፅንስ በተፀነሰ በአራተኛው ሳምንት፥ ማለት እስከ 28ኛው ቀን ድረስ፥ ጀርባው ላይ ያለው ስስ ገበታ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይዘጋል፤ ከዚህ ቱቦ አንጎልና የአከርካሪ ነርቭ ይሠራሉ። የታችኛው ጫፍ ሳይዘጋ ቢቀር ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ይወለዳል፤ የላይኛው ሳይዘጋ ቢቀር በሕይወት ሊኖር አይችልም። ልብ በሉ፤ በ28ኛው ቀን ብዙ ሴቶች መፅነሳቸውን ገና አላወቁም።

በ1991 በሰባት አገሮች የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ሕፃን ቀድሞ የወለዱ እናቶች ከመፅነሳቸው አስቀድሞ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ቢወስዱ ጉዳቱ 72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በአገራችን በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ ይህ ጉዳት ከብዙ አገሮች ይልቅ በእኛ ዘንድ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ስለዚህ ለመፅነስ ያሰበች ሴት ሁሉ ከመፅነሷ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ግን የሚያስፈልጋት መጠን ከዚህ የበዛ ስለ ሆነ ሐኪም ትጠይቅ። ምስር፥ ሽምብራና ጎመን ይህ ቫይታሚን ያለባቸው ምግቦች ናቸው፤ ሆኖም ምግቡ ብቻውን ክኒኑን አይተካም።

በየሰፈሩ ጀርባው ክፍት የሆነ ሕፃን ሲወለድ የሚባለውን ሁላችን ሰምተናል። እናቲቱ አንድ ነገር አይታ ደንግጣ ነው ይባላል፤ ወይም የማን እርግማን ደረሰባት እየተባለ ይመረመራል። በሐዘኗ ላይ ኀፍረት ይጨመርባታል። በአራተኛው ሳምንት ስለሚዘጋው ቱቦ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት ቢገኝ ይህ ንግግር ባልቆመም ነበርን? የደብዳቤው ጸሐፊ ልጅ ልትማረው የፈለገችው ይህንን ነው።

ወደ እንጀራው ጥያቄ እንምጣ። በዚህ ረገድ ማባበል አይገባም። የፅንስ ዕድገት ጥናት በመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ክፍል ሳይሆን በሥነ ሕይወት ውስጥ እንደ አንድ ኮርስ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ብቻ ይዛ የወጣች ልጅ የምታገኘው በር ጠባብ ነው። በሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ ብትል ራሱን የቻለ የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርትና የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። መምህርት ልሁን ብትል የማስተማር ሥልጠና ይጨመርበታል፤ እኛ በዚህ ሙያ ኖረንበታልና የደመወዙን ማነስም የተማሪውን ፍቅርም እናውቃለን። በምርምር ለመኖር ግን ሁለተኛ ዲግሪ፥ ብዙ ጊዜም ዶክትርና ያስፈልጋል። ይህም ሌሎች እኩዮቿ ደመወዝ ሲበሉ እርስዋ ገና ተማሪ ሆና መቆየቷን ያመለክታል። ቤተ ሰቡ ይህን አውቆ ይቁረጥ።

ትዕግሥቱ ካለ ግን እንቍላል መስበር ራሱ ሥራ ነው። ፈንግል ስንቱን የዶሮ ቤት ባዶ እንዳደረገ አንባብያን ያውቃሉ። የፈንግል ክትባት የሚዘጋጀው ከ9 እስከ 11 ቀን ያህል ባደገ ፅንስ ባለበት እንቍላል ውስጥ ቫይረሱን በማርባት ነው፤ በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋምም እንዲህ ያለውን ክትባት ያመርታል። በሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። ከአንዲት የተክል ጫፍ በብልቃጥ ውስጥ ብዙ ችግኝ ማብቀል የእንዲህ ያለው ሙያ ሥራ ነው፤ ይህም የፅንስ ዕድገት ጥናት በተክል ላይ ሲሠራ ማለት ነው። ከብት በማዳቀል ሥራም ቢሆን የኮርማን ዘር የሚመረምርና የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የማሽላ ገበሬ ጠላት የሆነውን አቀንጭራን እንውሰድ። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ቅመም ሲያገኝ ብቻ ነው። የአገራችን ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ምሥጢር መርምረው ሥሩ ያን ቅመም እምብዛም የማያወጣ ማሽላ በማዳቀል ለገበሬ አደረሱ። ጠላቱ ሳይነቃ አዝመራው ይደርሳል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። እርሳቸው የሰብል ሊቅ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ዘር መቼና በምን ምክንያት ይነቃል የሚለው ጥያቄ የፅንስ ዕድገት ተማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ትምህርት እጅግ የቀረበው ሙያ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት በሚታከሙበት ክፍል የፅንስ ላቦራቶሪ ባለሙያ መሆን ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ሕክምና ይሰጣል። በ1978 በዚህ መንገድ የመጀመሪያይቱ ሕፃን እንድትወለድ ካደረጉት መካከል አንዱ፥ በ2010 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሮበርት ኤድዋርድስ፥ ሐኪም ሳይሆን የአይጥ ፅንስ ሲያጠና የኖረ የሥነ ሕይወት ሰው ነበር። በሕክምናው የሚነሣውን የሕሊና ጥያቄ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር የእያንዳንዱ ቤት ነገር ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም።

ደብዳቤውን የላኩልን አባት ሆይ፤ እርስዎ ልጅዎን «እንጀራ ይሆናልን?» ብለው ከመጠየቅ አስቀድመው ሌላ ሦስት ነገር ይጠይቋት። በምትገባበት ክፍል ተማሪ በእጁ የሚሠራበት ላቦራቶሪ አለን፥ ወይስ በሥዕል ብቻ ነው የሚማሩት? ከሥነ ሕይወት ጋር ኬሚስትሪን፥ የስታቲስቲክስን ስሌትና ኮምፒዩተርን ጠንክራ ለመያዝ ቆርጣለችን? ዛሬ ያለ እነዚህ የሚሠራ ምርመራ የለምና። ሦስተኛው፥ ያሰበችው ቢዘገይ መምህርት ሆና ለመቆየት ፈቃደኛ ናትን? ለሦስቱ የምትሰጥዎ መልስ ከእኛ ምክር ይበልጣል።

በደብዳቤው ግርጌ፥ ባለቤትዎ ሰሞኑን ዶሮ እንዳሳቀፉ ጽፈውልናል። እንግዲያስ በሰባተኛው ሌሊት መብራቱን አጥፍታችሁ፥ ልጅቱ አንዱን እንቍላል ቀስ ብላ አንሥታ ወፍራም ጫፉን በባትሪ ብርሃን ፊት ትያዘው፤ እናቷና አጎቷም ይቅረቡ። ውስጡ ጫጩት ካለበት የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው፥ በመካከላቸውም ጥቁር ነጥብ ሲንቀሳቀስ ይታያችኋል። ብርሃኑ ሳይጋረድ የሚያልፍበት እንቍላል ግን ፅንስ የሌለበት ነው። አይታችሁ እንደ ፈጸማችሁ ወዲያው ከዶሮዋ ሥር መልሱት፤ ብርድ እንዳያገኘው።