ከውጭ አገር የመጣ ልምድ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ለልምድ ልውውጥ እየተባለ ወደ ውጭ አገር የሚደረገው የሥራ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይህንኑ አባባል ያስታውሳል። ተጓዡ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይደነቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ይመለሳል። ጉዞው በስሙ የተደረገለት ገበሬ ግን ከታየው ነገር አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትደርሰው ይቀራል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ እኔም ከተጓዦቹ አንዱ ስለነበርኩ ጥፋቱ ይመለከተኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግብርናና በኅብረት ሥራ ሙያ የተሰማራን ስምንት ሰዎች የወተት አምራቾች ማኅበራትን አሠራር ለመመልከት ወደ ህንድ ተልከን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በዋና ከተማዋ በኒው ዴልሂ በስብሰባ አለፉ። ከዚያም የአንድ ቀን ዕረፍት ስለተሰጠን ቀኑን በምን እናሳልፈው በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። ከመካከላችን አንዱ ቀኑን በመንደር ጉብኝቱ ላይ ብንጨምረው ይሻላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቻችን ግን፣ እኔም ጭምር፣ ህንድ ድረስ መጥቶ ታጅ መሐልን ሳያዩ መመለስ ይቆጫል ብለን በድምፅ ብልጫ ረታነው።

ታጅ መሐል ሊታይ የሚገባው ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን እ.ኤ.አ. በ1631 ዓ.ም. ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ መሐል መቃብር እንዲሆን በአግራ ከተማ፣ በያሙና ወንዝ ዳር ያሠራው የነጭ እብነ በረድ ሕንፃ ነው። ከዴልሂ እስከ አግራ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሌሊት ተነስተን፣ በመኪናው ውስጥ እያንቀላፋን ተጉዘን በሩ ላይ ስንደርስ ተዘግቶ አገኘነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ታጅ መሐል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ መሆኑን፣ በዚያን ዕለት የሚከፈተውም በግቢው መስጊድ ለሚሰግዱ ብቻ መሆኑን ከስምንታችን አንዳችንም አስቀድመን አልጠየቅንም። ጉልላቱን ከሩቅ አየንና፣ ከድንጋይ የተቀረጹ ትናንሽ ታጅ መሐሎች ከሱቅ ገዝተን፣ በራሳችን እየሳቅን ተመለስን።

የሥራችን ዋና ቦታ በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ግዛት የምትገኘው የአናንድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ወተታቸውን የሚሸጡት ለደላሎች ነበር። ለቦምቤይ ከተማ፣ ማለትም ለዛሬዋ ሙምባይ፣ የአካባቢውን ወተት የማቅረብ መብት የተሰጠው ለአንድ የግል ድርጅት ብቻ ስለነበር ገበሬው በዋጋው ላይ አንዳች ሥልጣን አልነበረውም። ገበሬዎቹ አቤቱታቸውን ይዘው የዚያው አካባቢ ተወላጅ ወደሆኑት፣ ለህንድ ነፃነት ከታገሉት መሪዎች አንዱ ወደነበሩት ወደ ሳርዳር ቫላብባይ ፓቴል ሄዱ። እርሳቸውም የራሳችሁን ማኅበር አቋቁማችሁ ወተታችሁን ራሳችሁ ሽጡ ሲሉ መከሯቸው። ገበሬዎቹ ለ15 ቀናት ወተት አንሸጥም ብለው አደሙ። በዚያው በ1946 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይም ማኅበራቸው በሕግ ተመዘገበ።

ማኅበሩ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ሁለት የመንደር ማኅበራት ብቻ ሲሆኑ፣ በቀን የሚሰበሰበው ወተት 250 ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር። ሊቀ መንበሩ ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ከመንደር መንደር በእግር እየዞሩ አባላትን አሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. አናንድ የደረሱት መሐንዲስ ቨርጊዝ ኩሪየንም በሥራ አስኪያጅነት ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሥራ ሰጡ። ዛሬ ከዚያ የበቀለውና «አሙል» በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው የጉጃራት የወተት ኅብረት ከ18 ሺህ በላይ በሆኑ መንደሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ አምራቾችን ያቀፈ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የማረከን ግን ታሪኩ ሳይሆን ጠዋት በአንዲት መንደር ያየነው ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ አባላት የብረት ዕቃቸውን ይዘው በማኅበሩ ደጃፍ ተሰልፈዋል። አንዷ 10 ሊትር፣ ሌላዋ ከአንድ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ይዛለች። ሀብታሙና ድሃው፣ በልማድ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ የሚባለውም ወገን በዚያ ሰልፍ ላይ እኩል ነው። ወተቱ ይለካል፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ተቀድቶ የቅባቱ መጠን በመሣሪያ ይመረመራል። የሚከፈለውም በሊትሩ ብቻ ሳይሆን በጥራቱ ጭምር ስለሆነ ውሃ የቀላቀለ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። ማታም ይኸው ሥርዓት ይደገማል። በአገራችን በብዙ የገጠር ገበያ ወተት የሚገዛው በጣሳ ተለክቶ በዓይን ታይቶ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ቆይታችን ሊያበቃ ሲል በናርማዳ ወንዝ ዳር የቆመውን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የተመረቀውን የሳርዳር ፓቴልን ሐውልት እንድናይ ተወሰድን። ቁመቱ 182 ሜትር ነው። በአሳንሰር እስከ ደረቱ ወጥተን ወንዙንና ግድቡን ቁልቁል ተመለከትን። ከዚያ ሁሉ ጎብኚ መካከል እኚህ ሰው ለወተት ገበሬዎች የሰጡትን ምክር ያስታወሰ ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ለእኔ ግን ከሐውልቱ ይልቅ በዚያ ጠዋት ያየሁት ሰልፍ የሚበልጥ መታሰቢያቸው መሰለኝ። አገር ማየት ሥራ ማባከን ነው የሚሉ ወገኖችን የማልደግፈው ለዚህ ነው። የሚያየው ሰው ካሰበበት ሐውልትም ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ የመልሱ ጉዞ መጣ። ከሐውልቱ ቦታ በመኪና ወደ ቫዶዳራ፣ ከቫዶዳራ ሌሊቱን በባቡር ወደ ሙምባይ፣ ከሙምባይ የአረብ ባሕርን ተሻግሮ ከ5 ሰዓት በላይ በአውሮፕላን መብረር ነበር። ሰዓታችንን 2 ሰዓት ከ30 ወደ ኋላ መልሰን ቦሌ ደረስን። በሻንጣችን ውስጥ ለቤተሰብ የተገዛ ጨርቅ፣ ቅመማ ቅመም፣ ትንሿ ታጅ መሐልና በየቢሮው የታደሉን መጽሔቶች ነበሩ። ደክሞኝ ስለነበር መጽሔቶቹን ሳልገልጣቸው በካርቶን አድርጌ ቤቴ አስቀመጥኳቸው። በሳምንቱ 12 ገጽ ሪፖርት ተጻፈ፤ ለበላይ ቀረበ፤ በፋይል ታሰረ። እኔም ጉዞዬ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ከ5 ወር በኋላ በሌላ ሥራ ምክንያት ወደ አርሲ ተላክሁ። አዳማንና አሰላን አልፎ እስከ በቆጂ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ወደምትገኘው ቀበሌ የሄድነው በጋሪ፣ ጋሪው ሲያቅተው ደግሞ በእግር ነበር። የገብሱ ማሳ፣ ደጋው ብርድና ላሞቹ በየደጁ የሚታዩበት አገር ነው። መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዴልሂ እስከ ታጅ መሐል የተጓዝነውም ልክ ይህንኑ ያህል ነበር። ለተዘጋ በር ሌሊት ተነስተን የሄድነውን ያህል ርቀት ክፍት ደጅ ወዳለው ገበሬ ለመሄድ ግን ሌላ ጉዳይ እስኪያጋጥመኝ ጠብቄ ነበር።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ አናንድ ጥቂት ተናገርኩ። የልማት ሠራተኛው በኦሮምኛ ተረጎመልኝ። ተናግሬ እንደጨረስኩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተነሱና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አገር ዞረህ መጥተሃል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሁዳዴን አልጾምም። ወተቴን የሚገዙኝ የበቆጂ ሻይ ቤቶች ግን በሁዳዴ አይገዙኝም። ላሚቱ ደግሞ ጾም አታውቅም። እዚያ ያሉት ሴቶች ገዢ ሲጠፋ ወተቱን ምን ያደርጉታል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ በአናንድ ከስምንታችን አንዳችንም አላነሳነውም። የማሽኑን ዋጋ፣ የሠራተኛውን ብዛት፣ የሕንፃውን ስፋት ጠይቀናል። 55 ቀን ሙሉ ወተት ሲቀርባት የኖረች ሴት ግን ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ቤቴ ተመልሼ ካርቶኑን ስከፍት መልሱ እዚያው ተቀምጧል። ለካ የአናንድ ገበሬዎችም ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። በቅዝቃዜው ወራት የእንስሶቻቸው ወተት ስለሚበዛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቦምቤይ ሁሉንም ልትገዛቸው አልቻለችም። ይህን ትርፍ ወተት ላለመድፋት እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ቅቤና የወተት ዱቄት የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቋሙ። ከለማዳ ጎሽ ወተት ዱቄት ማውጣት አይቻልም ይባል የነበረውንም በራሳቸው መሐንዲስ በዳላያ ጥረት ሠርተው አሳዩ። የማኅበሩ ጥንካሬ የጀመረው ትርፍ ወተት የአንዲት ሴት የብቻ ጭንቀት መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ የጋራ ጉዳይ በሆነ ጊዜ ነው።

በእርግጥ የአናንድን ሥራ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የእኛ ላም የእነርሱ ጎሽ አይደለችም፤ የዱቄት ፋብሪካም በጥቂት ወተት አይንቀሳቀስም። ነገር ግን አንድ ቀበሌ በሁዳዴ ወራት ወተቱን በአንድነት ሰብስቦ ቢገፋና ቅቤውን አንጥሮ፣ ዋጋው ከፍ ለሚልበት ለፋሲካ ቢያቆይ ፋብሪካ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የቅባት መመርመሪያ፣ ንጹሕ ዕቃ፣ የተጻፈ ሒሳብና መተማመን ነው። ለዚያውም አርሲ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከስዊድን ጋር በተደረገ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በጭላሎ የተቋቋመው «ካዱ» ከገበሬው ወተት ይሰበስብ፣ የተዳቀሉ ጊደሮችንም ያከፋፍል ነበር። ባሕር ተሻግረን ከመሄዳችን በፊት በዚያ ሥራ ያለፉትን ሽማግሌዎች ብንጠይቅ ኖሮ አናንድ ስንደርስ የምንጠይቀውን ባወቅን ነበር።

አንዳንዶች መፍትሔው የውጭ አገር ጉዞን ማቆም ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በጆሮ መስማት ብቻውን አይበቃም፤ ያን የጠዋት ሰልፍ በዓይኔ ባላየው ኖሮ መጽሔቱን ባነብም ላላምን እችል ነበር። መስተካከል ያለበት የጉዞው አካሄድ ነው።

አንደኛ፣ ለገበሬ ጥቅም ተብሎ በሚደረግ ጉዞ ላይ ገበሬ መኖር አለበት። ከስምንታችን አንዷ የበቆጂዋ እናት ብትሆን ኖሮ ያ ጥያቄ በአናንድ ተጠይቆ መልሱም በዚያው ዕለት በተገኘ ነበር። ቋንቋ አያውቁም የሚለው ምክንያት አያዋጣም፤ ለእኛም ሲተረጎምልን ነበር።

ሁለተኛ፣ ሪፖርት ለበላይ ቀርቦ መታሰሩ ብቻ ጉዞውን እንደተፈጸመ ሊያስቆጥረው አይገባም። ተጓዡ በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ በአንድ ቀበሌ ስብሰባ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ ያየውን ይንገር፣ ይጠየቅም። መመለስ ያቃተውንም ጥያቄ ጽፎ ወደጎበኘው ቦታ ይላክ።

ሦስተኛ፣ የዕረፍት ቀን ካለ ተጓዡ አገር ይይ፣ ይደሰት፤ ነገር ግን አይደበቅ። የዕረፍቱ ቀን ዋናውን ጉብኝት የሚሻማ ከሆነ ግን ምርጫው ግልጽ መሆን አለበት። እኛ በዚያ ዓርብ አንድ ጠዋት በአንዲት መንደር ልናሳልፍ እንችል ነበር።

ትንሿ ታጅ መሐል እስካሁን በጠረጴዛዬ ላይ አለች። ሳያት ትዝ የሚለኝ የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ሳትሆን የበቆጂዋ እናት ናት። መልሱን ለልማት ሠራተኛው ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፤ የደረሳቸው ግን ከ6 ወር በላይ ዘግይቶ፣ ያ ዓመት ሁዳዴ ካለፈ በኋላ ነው። ከሙምባይ እስከ ቦሌ ጥቂት ሰዓት የፈጀው ጉዞ ከቦሌ እስከ እርሳቸው ደጅ ይህን ያህል መርዘሙ ሊያሳፍረን ይገባል። ለወደፊቱ የሚጓዙ ሁሉ የመልሱ ጉዞ የሚያበቃው በገበሬው ደጅ መሆኑን ከመነሻው ሊያውቁት ይገባል እላለሁ።