በዲዛይን ሁለተኛ ዲግሪ ይጠቅማል ወይ?



በዲዛይን የተመረቁ ልጆቻችን «ማስተርስ ልቀጥል?» ሲሉ አንዱ ወላጅ «ቀጥል» ይላል፤ ሌላው «ከሥዕል እንጀራ አይወጣም» ብሎ ይቆጣል። መልሱ እዚሁ ጎረቤታችን ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ አገር የተላኩት ማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። የመስታወቱን ሙያ ለመማር እንደገና አውሮፓ የሄዱት አገራቸውን ዞረው አይተው፣ ኤግዚቢሽን ካሳዩ በኋላ ነው። የጎደላቸውን ዐውቀው ሄዱ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጃችን «ይሄ ይጎድለኛል» ካለ እንደግፈው። «ሥራ ስላጣሁ ነው» ካለ ግን መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ወይም ልብስ ስፌት ገብቶ እጁን ያፍታታ። ዲግሪው እንደሆነ የትም አይሄድበትም!