«ነባር መድኃኒት ነው፤ ምን ይጎዳል?»

ይህ አባባል ከኮሮና ጋር መጣ፤ ከኮሮና ጋር ግን አልሄደም። አዘዞ ላይ ከባሕር ዳሩ መንገድ ተገንጥሎ ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት ነባሮቹን መድኃኒቶች ያውቃቸዋል። ቫይቫክስ ወባ ሲይዘው ክሎሮኪን ይውጣል። ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርኪያሲስን በሚያስተላልፍበት ቆላ ደግሞ አይቨርሜክቲን በዘመቻ ይታደላል፤ መጠኑም በቁመት መለኪያ ዘንግ ይወሰናል። መድኃኒቶቹ ባለውለታዎቻችን ናቸው። የምቃወመው ትልን ወይም የወባን ተውሳክ የገደለ ቫይረስንም ይገድላል የሚለውን ዝላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አይቨርሜክቲን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ኮሮናን በ48 ሰዓት ውስጥ እጅግ እንደሚቀንስ አሳዩ። ያዩት እውነት ነው። ነገር ግን የተጠቀሙበት መጠን፣ መድኃኒቱን በታዘዘለት ልክ የዋጠ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ከ50 እጥፍ በላይ ነበር። «አይጎዳም» የተባለው በዘንጉ ልክ ሲወሰድ ነው፤ ልኩ ከተጣሰ ማንም ዋስ አይሆንም። በኋላ በብራዚል 1,358 ሕሙማን ላይ ሲፈተን ሆስፒታል ከመግባት አላዳነም።

መድኃኒትን ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ማሻገር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ካላዛርን የምናክምበት አምቢሶም መጀመሪያ የፈንገስ መድኃኒት ነበር፤ ሚልቴፎሲን ደግሞ ለካንሰር የታሰበ። ኤችአይቪና ካላዛር አንድ ላይ ለያዛቸው ሰዎች ሁለቱን ማጣመር እንደሚሻል የታወቀው በጎንደርና በአብደራፊ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ፈቃዳቸውን ሰጥተው ለሳምንታት ተኝተው ታከሙ፤ ተውሳኩ መጥፋቱም ከጣፊያቸው በመርፌ በተቀዳ ናሙና ተጣራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መመሪያው ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚያ ሕሙማን የከፈሉትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው «ይሠራል አሉ» ብሎ ክኒን ሊያድል አይገባም።

ወረርሽኝ ፋታ አይሰጥም ይባላል። ነገር ግን የኮሮና መድኃኒቶችን የፈተነው የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት መጋቢት 2012 ተጀምሮ፣ የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል የተኙትን ከሞት እንደማያድን ግንቦት 28 አስታወቀ። ሰኔ 9 ደግሞ ዴክሳሜታሶን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ሞት እንደሚቀንስ ያው ጥናት ገለጸ። ሁለቱም ነባር፣ ሁለቱም ርካሽ ነበሩ፤ ለመለየት ሦስት ወር ገደማ በቃ። ቀጣዩ ቫይረስ ሲመጣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ለካላዛር የገነባውን የምርምር ልምድ ይዞ ሕሙማኑን በዕጣ መድቦ ይፈትን። ክሎሮኪኑም እስከዚያው ከመተማ ወባ ይዞት ለሚመለሰው ሠራተኛ ይቆይ።