የቤቱን ሬዲዮ የፈታታችው ልጅ

አንዲት እናት ከደብረ ታቦር በላኩልን ደብዳቤ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ መግጠም እንዳቃታት፣ እርሳቸውም ክፉኛ እንደተቆጧት ይገልጻሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፉልን ነበር። ልጅቱ፣ አዲስ አበባ የሚማረው የአክስቷ ልጅ ስለ አማተር ሬዲዮ ካጫወታት ወዲህ፣ ለቡሄ እዚህም መጥተው ቢያሳዩን እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታቸዋለች። አባትየው ደግሞ ይህ የወንድ ሥራ ነው ብለዋል። እናትየው የሚጠይቁን ልከልክላት ወይስ ልተዋት በማለት ነው።

እኅታችን ሆይ፣ በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። አማተር ሬዲዮ እንደ ዜና ጣቢያ ለሕዝብ የሚናገር ሳይሆን፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ ያለ ክፍያ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። በአጭር ሞገድ የሚላከው ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል ወደ ምድር ስለሚመለስ ባሕር ተሻግሮ ይሰማል። ለዚህም አንድ የመኪና ባትሪ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያና በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ሊበቃ ይችላል። በአገራችን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ግቢ ይገኛል፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ሲሆን፣ «ኢቲ» የሚለው ኢትዮጵያን ያመለክታል። ሽቦ አልባውን ነፋስ ስልክ ብለው የሰየሙት አባቶቻችን ነገሩን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ገልጸውታል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ማኅበራት በዓልና ባዛር በሚደረግበት ሜዳ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ለሕዝብ ያሳያሉ። የሕፃናቱን ስም በሞርስ ነጥብና ሰረዝ ያሰማሉ፤ የአገሩ ሕግ በሚፈቅድበትም ፈቃድ ያለው ሰው አጠገብ ቆሞ እንግዳው ማይክራፎኑን እንዲጨብጥ ያደርጋሉ። እንግዲህ ይህ ጠረጴዛ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ቢዘረጋ፣ ቀድሞ የሚከበው ማን ይመስላችኋል? ወንዶቹ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከየደጁ ወጥተዋል። ሴት ልጅ ግን ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብታ ሙልሙል ትጋግራለች። ሙልሙሉ ባይጋገር ሆያ ሆዬውም ባልደመቀ ነበር፤ ሆኖም የሚያየውና የሚነካው ያው በውጭ ያለው ነው። ስለዚህ እናቶች፣ ዳቦውን በዋዜማው ጨርሱና ልጃችሁን እጇን ይዛችሁ ውጡ።

የወንድ ሥራ ነው ላሉት አባት ደግሞ የባራቲ ፕራሳድን ታሪክ ያንብቡላቸው። ይህች ሕንዳዊት በአንዳማን ደሴቶች አማተር ሬዲዮ ለመክፈት ፈቃድ አግኝታ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ፖርት ብሌር ሄደች። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ምድር ተናወጠ፤ ሱናሚ የተባለው የባሕር ማዕበልም ተከተለ። ስልኩ ሲቋረጥ ለወዳጅነት ተብሎ የተተከለው ሬዲዮ የሰው ደኅንነት መጠየቂያ ሆነ። እርሷና ጓደኞቿ በደሴቶቹ ያሉትን ሰዎች ወሬ በዋናው ምድር በጭንቀት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች አስተላለፉ። ኔትወርክ ጠፍቶ የልጅ ድምፅ መስማት ያቃታት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልጋትም።

አንድ ሁለት ነገር ግን እናስጠንቅቅ። መስማት ለማንም ክፍት ቢሆንም ያለ ፈቃድ መላክ በሕግ ያስቀጣልና ልጅቱ ከማስተላለፏ በፊት ትማር። በነሐሴም ከጉና በኩል ነጎድጓድ ሲሰማ ውጭ የተወጠረ ሽቦ የመብረቅ መንገድ ስለሚሆን፣ ደመናው ሳይቀርብ ከመሣሪያው ይነቀል። ዝናቡ እያጓራ ሽቦ ለመንቀል መሮጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ተፈታታው ሬዲዮ፣ እኅታችን፣ ቁጣው ይብቃ። ከመክፈቷ በፊት ከኤሌክትሪክ መንቀሏን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ሠፈራችሁ ካለው ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ አብረዋት ሄደው፣ እርሱ እያሳያት ራሷ ትግጠመው። ብሎኖቹን እስከዚያው በአንድ ቆርቆሮ ሰብስበው ያስቀምጡላት፤ አንዱ ከጠፋ ዳግመኛ ጠብ ይነሣል።