ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

  

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነበው ስለ ባሕር ዳር ከተማ ነው። ብዙዎቻችሁ ከተማውን ታውቁታላችሁ። እህል ለመሸጥ፣ ዕቃ ለመግዛት፣ በሽተኛ ለማሳከም ሄዳችኋል። አሁን ግን የምትሄዱት ፊደል ቆጥራችሁ ነው። ታዲያ ምን ይለወጣል?

ወደ ከተማ ይዛችሁ የምትሄዱት ብር የዓመት ላብ ነው። ታርሶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ የተገኘ ነው። ይህ ብር በግማሽ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።

መንገዱና ብሩ

በሐሙሲት በኩል የሚመጣ መኪና ባሕር ዳር የሚገባው ዓባይን ተሻግሮ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ስትሻገሩ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው እዚሁ ነው።

መኪናው ላይ ወይም መናኸሪያው ውስጥ የታሪፍ ወረቀት ተለጥፎ ካያችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ረዳቱ የጠየቃችሁ ከዚያ ከበለጠ ወረቀቱን አሳዩት። መጣላት አያስፈልግም፤ ጣት መቀሰር ይበቃል።

ብሩንም በቁጥሩ እወቁት። ዱሮ ብዙ ሰው ብርን የሚለየው በቀለሙ ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ግን የብር ኖቶች ተለወጡ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር መልክ ሌላ ሆነ። የ200 ብር ኖትም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ቀለም ብቻ የሚያውቅ ሰው ተደናገረ። ቁጥር የሚያነብ ሰው ግን አልተደናገረም። ቀለም ይለወጣል፤ 100 ግን ምንጊዜም 100 ነው።

ምግብ ቤት

ባሕር ዳር ሄዶ የጣና አሳ ሳይበላ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ለምን? ዋጋ መጠየቅ ያፍራል። «ይህ የሀብታም ቤት ነው» ይላል።

እኮ ዋጋው ተጽፏል! የምግብ ዝርዝሩን፣ ሜኑ የሚሉትን፣ አምጡልኝ በሉ። አንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል። አሳ ጥብስ፣ አሳ ጉላሽ፣ ሽሮ፣ የጾም በያይነቱ ይላል። ከጎኑ ዋጋው አለ። አቅማችሁን የሚያህለውን ምረጡ። ቀስ ብላችሁ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁም ብታነቡ ነውር የለውም።

ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አትዝለሉ። «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የምትል ከሆነች ሒሳቡ ከፍ ይላል። ቫት የመንግሥት ግብር ነው። ከ100 ብር 15 ብር ነው። አብረን እናስላ፦

የምግቡ ዋጋ 200 ብር ነው።
ቫቱ 30 ብር ነው።
የምትከፍሉት 230 ብር ነው።

«ቫትን ይጨምራል» የሚል ከሆነ ግን የምትከፍሉት የተጻፈውን 200 ብር ብቻ ነው።

ከእኛው ክፍል የሚማሩ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር አንድ ምግብ ቤት ገብተው ነበር። በልተው ሲጨርሱ ሒሳቡ በወረቀት መጣ። እርሳቸው አነበቡት። ያላዘዙት ሻይና ዳቦ ተጽፏል። «ልጄ፣ ይህን እኛ አልበላንም፤ እስቲ ደግመህ እየው» አሉት አስተናጋጁን። ልጁ አየው። የሌላ ሰው ሒሳብ ተደባልቆ ኖሯል። ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። እናቲቱ ያዳኑት ገንዘብ ብዙ አይደለም። ግን ከዚያ ወዲህ ልጃቸው «እማዬ፣ አንቺ አንብቢው» ይላቸዋል። ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል።

ገበያ

ቅዳሜ ገበያ ሰፊ ነው። እህሉ፣ በርበሬው፣ ጨርቁ፣ የፕላስቲክ ዕቃው ሁሉ አለ። እዚያ ሁለት ነገር አንብቡ።

አንደኛ፣ ሚዛን አንብቡ። ዕቃ ሳይጫንበት ሚዛኑ 0 ላይ መሆን አለበት። 0 ላይ ካልሆነ «አስተካክለው» በሉ። ስትገዙም ስትሸጡም ያው ነው። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ጤፍ ስትሸጡ ኪሎውን ጻፉ፤ በአንዱ ኪሎ ዋጋ አባዙ፤ ከነጋዴው ሒሳብ ጋር አስተያዩ።

ሁለተኛ፣ ቀን አንብቡ። ዘይት፣ የልጆች ምግብ፣ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት ቀን ተጽፎበታል። ሁለት ቀን ካለ የፊተኛው የተሠራበት፣ የኋለኛው የሚያበቃበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ ዓመት ነው። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ ይቀድማል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ቀንሱ። ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ለምሳሌ በዘይቱ ላይ 06/2030 ቢል፣ 6ኛው የፈረንጅ ወር ማለት ነው። ከ2030 ላይ 8 ሲቀነስ 2022 ይሆናል። እንግዲህ ዘይቱ የሚያበቃው በሰኔ 2022 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። ሕይወት ይጎዳል።

አገር ማየት

«እኔ ገበሬ ነኝ፤ አገር ማየት የቱሪስት ሥራ ነው» አትበሉ። ጣና የእናንተ ነው። የጉማራ ውኃ የሚገባው ወዴት ነው? ወደ ጣና አይደለምን? ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል። ይህ ማለት ሐይቁም ደኑም እንዳይጠፋ፣ ሕዝቡም እየተጠቀመ እንዲጠብቀው ነው።

ከከተማው በጀልባ ወደ ዘጌ ይኬዳል። ዘጌ ቡናው በደን ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እዚያ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ደሴት ላይ ነው፤ እዚያ ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባው የት የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ዋጋውንም እንዲህ ጠይቁ፦ «ይህ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለጀልባው?» መልሱን ወረቀት ላይ አስጽፉ። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሣ ይችላል።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይመነምናል። ደምቆ የሚታየው በክረምትና በክረምት ማግሥት ነው። በሚያዝያ ሄዳችሁ እንዳታዝኑ።

ጊዜ ወይም ብር ካጠረም በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ይቻላል። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ስትቀዝፍ ይታያል። ለዚህ የሚከፈል የለም።

የሳምንቱ ሥራ

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። አብሯችሁ የሚሄድ ጎረቤት ገና ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት። ብሩ የእሱም ላብ ነው።

አሁን እነዚህን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ላይ መልሱ፦

1. ምግቡ 300 ብር ነው። ቫት አልተጨመረበትም። ሁሉም ስንት ይሆናል?
2. መድኃኒቱ 03/2029 ይላል። በእኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
3. ከተማ ስትሄዱ ያነበባችሁትን ሦስት ጽሑፍ ጻፉ። በሚመጣው ትምህርት ቀን አምጡ፤ ለክፍሉ እናነበዋለን።