ፎቶው እጮኛዬን ከሌላ ወንድ ጋር ያሳያል

የዛሬው ጠያቂያችን ከአዘና ነው። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከማያውቀው ሰው በቴሌግራም አንድ ፎቶ ይደርሰዋል። እጮኛው ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተቃቅፋለች! ልጅቷ «እኔ አይደለሁም» ብላ ታለቅሳለች። እሱ ግን «ፊቷ ነው፣ ጥርሷ ነው፤ በዓይኔ ያየሁትን እንዴት ልካደው? ሰርጉን ልተወው ወይ?» ይለኛል።

ቆይ እስቲ ወንድሜ፣ ተረጋጋ! የላክህልኝን ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ፈገግታዋና የአንገቷ ዘንበል ማለት ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በፈረሱ በዓል ከተነሳችው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሰው ሁለት ቀን እንዲያ አንድ ዓይነት አይስቅም። የነጠላዋ ጥለት ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ድንገት ይጠፋል። ከኋላ ያለው የሱቅ ታፔላ ደግሞ ከሩቅ የኛን ፊደል ይመስላል እንጂ አይነበብም። ይሄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ፊደላችንን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያበላሸዋል።

አልፈርድብህም፣ እኔም ተሞኝቻለሁ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ጳጳስ ፍራንሲስ ነጭ ወፍራም ጃኬት ለብሰው ሲዘንጡ የሚያሳየውን ፎቶ «አቤት ዘመን!» እያልኩ ለጓደኞቼ ያዳረስኩ ሰው ነኝ። ለካ ሚድጆርኒ በሚባል ፕሮግራም የተሠራ ኖሯል። ያን ጊዜ «ጣታቸውን ቁጠሩ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ማሽኑ ጣቱንም አሳምሮ ይሠራል። ድምጽም ቢሆን ያው ነው። በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ተብሎ የተሰራጨውን ድምጽ ጽሕፈት ቤታቸው «ከተለያየ ንግግር ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው» ብሎ ሲያስተባብል፣ ሕዝቡ በጆሮው ብቻ ሊለየው አልቻለም፤ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም።

ታዲያ ጥለቱ ባይበላሽ ኖሮስ? ለዚህ ነው ከፎቶው ይልቅ ላኪውን መርምር የምልህ። ስሙን ለምን ደበቀ? ለምን ሰርጉ ሲቃረብ? መልእክቱን እንዳታጠፋው፤ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያዘውና ከእሷ ጋር ተማክራችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። በኮምፒዩተር የሰው ስም ማጥፋት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «ለሁለት ጓደኞቼ ልኬ አማከርኳቸው» ብለሃል። አዘና ስንት ቤት ናትና ነው? ዛሬውኑ ደውልና አስጠፋቸው። ከዚያ እሷ ቤት ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፣ የላክህባትን ጭምር ሳትደብቅ። ሰርጉን ልተወው ወይ ላልከው፣ ይሄን ከሰማች በኋላ መልሱ የእሷ ነው። ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።